ከሩቅ የመጣ ይቅደም

የረቢያ አባት ጋሽ ካሚል ቦንጋ ገበያ አጠገብ ሱቅ ነበራቸው። ሳሙና፣ ጨው፣ ክብሪት፣ የፕላስቲክ ጫማ ይሸጣሉ። በሱቃቸው የማይሻር አንድ ሕግ ነበር፤ ከሩቅ የመጣ ይቅደም። ከቢታ ገነት ወይም ከደካ በኩል የመጣ ገበያተኛ በሩ ላይ ብቅ ካለ የሰፈሩ ሰው ዘንቢሉን ይዞ ይቆማል እንጂ አይስተናገድም። ቢያጉረመርም ደግሞ "የአንተ ቤት እዚህ ነው፤ እሱን ገና መንገድ ይጠብቀዋል" ይባላል። ረቢያ ከባንኮኒው ጀርባ ይህን እየሰማች አደገች። ሌላው ከአባቱ ቤት ይወርሳል፣ መሬት ይወርሳል፤ ረቢያ የወረሰችው ይሉኝታ ነው።

ባዮሎጂ ተማረችና ቦንጋ ባለው ዩኒቨርሲቲ የላብራቶሪ ቴክኒሻን ሆነች። ሥራዋ ስሟ የማይጠራበት ዓይነት ነው፤ ቱቦ ታጥባለች፣ ማቀዝቀዣ ትጠብቃለች፣ ተመራማሪዎች ገጠር ሲወጡ የበረዶ ሳጥኑን ተሸክማ ትከተላለች። ከሁሉም የምትቀርበው ዶክተር ተድላን ነበር። ዶክተሩ የሚያጠናው አጠውልግ የሚባለውን የእንሰት በሽታ ነው። አጠውልግ የገባበት ጓሮ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ ይንጠለጠላል፣ ከዚያ ግንዱ ይበሰብሳል። በሽታው ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው የሚሻገረው ደግሞ ሰው እጅ ላይ ባለው ቢላ ነው።

አንድ ጥቅምት ላይ ወደ ጌሻ ወረዳ ወጡ። ከደካ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ርቀው ጋሽ ገብረጊዮርጊስ የሚባሉ ሽማግሌ ቤት ደረሱ። ጓሯቸው የነበረው እንሰት በሙሉ አልቋል። በመካከሉ አንድ ብቻ፣ ግንዱ ሁለት ሰው የሚያቅፈው፣ ቅጠሉ ለምለም ሆኖ ቆሟል። በዙሪያው ያለው ሁሉ ሲሞት እሱን ምን አዳነው? ዶክተር ተድላ እንደ ልጅ ተደሰተ። ረቢያ በንጹሕ ምላጭ ከቅጠሉ ቆርጣ በበረዶ ሳጥኑ አስቀመጠች፤ በበሽታው ካለቁት እንሰቶችም ቀድመው የሰበሰቡት ናሙና ነበር።

"ዕድሜው ገፍቷል" አሉ ሽማግሌው። "መጪውን ክረምት ይሻገራል፤ ከዚያ ያብባል። እንሰት ደግሞ ካበበ አለቀ፤ ይሞታል። ሳያብብ ለቆጮ ልፋቀው ወይስ ሥሩን ቆርጬ ችግኝ ላውጣለት?"

ዶክተሩ ሁለቱም አይሆንም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። የናሙናው ምርመራ መልስ ሳይመጣ ቢላ ከነካው በሽታው ሊገባበት ይችላል። ይህን ለሽማግሌው ያስረዳችው ረቢያ ናት።

"ጋሽ ገብረጊዮርጊስ፣ እባክዎ ቢላ እንዳይነካው። መልሱ ሲደርስ እኔው ራሴ እደውልልዎታለሁ። ከዚያ እንዴት ችግኝ እንደሚወጣለት መጥተን አብረን እናደርገዋለን።"

"እሺ ልጄ" አሉ። "ቃሌ ነው።"

መልሱ የሚገኘው ቦንጋ አልነበረም። የተክሉን ዘረመል ፊደል በፊደል የሚያነበው ማሽን ያለው አዲስ አበባ፣ ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ በሚጠቀሙበት ማዕከል ነው። ታኅሣሥ ላይ ረቢያ የበረዶ ሳጥኑን ጭኗ ላይ አድርጋ በጅማ በኩል ተጓዘች። አውቶቡሱ ውስጥ ያሉት ሴቶች "ክትባት ነው?" እያሉ ሲጠይቋት፣ ነገሩን ማስረዳት ሲሰለቻት "አዎ፣ ክትባት ነው" ትላለች።

ማዕከሉን የሚያስተባብረው ወንድማገኝ ተጫዋች ሰው ነው። "እህቴ፣ የኛ ማሽን እንደ ሚኒባስ ነው፤ ሳይሞላ አይነሳም" አላት። ማሽኑ በአንድ ጊዜ ሃያ አራት ናሙና ይጭናል፤ ኬሚካሉ ውድ ስለሆነ በባዶ ቦታ አይሄድም። የረቢያ ስድስት ቱቦዎች ሲጨመሩ ሃያ አራቱ ሞላ። በማግስቱ ሊነሳ ነው። የቀረው ኬሚካልም ለዚያ አንድ ጉዞ ብቻ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ተማሪ መጣች። ስሟ ፈርሐት ነው፤ እሷም ስድስት ቱቦ ይዛለች፤ የዶክትሬት ጊዜዋ ሊያበቃ ሁለት ወር ቀርቷታል። ቦታ የለም ሲሏት ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ረቢያ አጠገቧ ተቀመጠች። ባትቀመጥ በወደድኩ፤ መጠየቅ የሌለባትን ጥያቄ የጠየቀችው እዚያ ነው።

"ከየት ነው የመጣሽው?"

"ከጎዴ። መንገድ ከጀመርኩ ሦስተኛ ቀኔ ነው።"

ከዚያ በኋላ የተናገረችው ረቢያ አይደለችም ማለት ይቻላል፤ ጋሽ ካሚል ናቸው። ወንድማገኝን አስጠርታ "የእኔን አውጣና የእሷን አስገባ፤ እኔ ቀጣዩን እጠብቃለሁ" አለችው። ኬሚካሉ በሁለት ወር ውስጥ ይመጣል ተብሎ ነበር። ፈርሐት አቅፋ ሳመቻት። ዶክተር ተድላም በስልክ ሲሰማ "ሁለት ወር ምንም አይደል" አለ። ረቢያ ቱቦዎቿን ማዕከሉ ማቀዝቀዣ ውስጥ ትታ ደስ ብሏት ወደ ቦንጋ ተመለሰች። እዚያ ኮሪደር ላይ ግን ከሁሉ የራቀው ሰው አልነበረም። ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ደካ ማዶ፣ ቢላቸውን ሰቅለው ጓሯቸው ውስጥ ተቀምጠው ነበር።

ሁለት ወሩ አራት ሆነ። በየሳምንቱ ትደውላለች፤ ወንድማገኝ በየሳምንቱ ይቅርታ ይጠይቃል። የውጭ ምንዛሪ ነው፣ ጉምሩክ ነው፣ በመንገድ ላይ ሙቀት አበላሽቶት እንደገና ታዘዘ ነው። ክረምት ገባ። የጋሽ ገብረጊዮርጊስን ቁጥር ስልኳ ላይ ስንት ጊዜ አውጥታ ተመለከተችው! ግን ባዶ አፏን ምን ብላ ትደውል? መልሱን ይዤ እደውላለሁ ብላ ነበርና ያለ መልስ መደወል አሳፈራት። አንዲት ቃል፣ "አይጠብቁ፣ አብቦ ከሚሞት ችግኙን አሁኑኑ ያውጡ" የምትል አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ዶክተሩንም ይህን ጠይቃ አታውቅም፤ ሥራው ላይ ተስፋ የቆረጠች እንዳትመስል ፈራች።

ኬሚካሉ የመጣው ከአሥራ አራት ወር በኋላ ነው። ውጤቱ ሚያዝያ ላይ ደረሰ። ዶክተር ተድላ ወረቀቱን ይዞ ከቢሮው እየሮጠ ወጣ። ያ እንሰት ከሌሎቹ የተለየ ነበር፤ በሽታውን የሚቋቋምበት ምልክት በግልጽ ታይቷል። ዘሩ ቢባዛ ለስንት ጓሮ ይተርፋል! "ዛሬውኑ ሂጂ፤ ተክሉን ጠብቂልኝ፤ እኔ መኪና እንዳገኘሁ እከተላለሁ" አላት፤ ሽማግሌው ስለማበቡ ያሉትን ረስቶታል። ረቢያ ስትደውል ስልኩ ዝግ ነው። ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ደካ ሄደች።

ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ከስተዋል። ሰላምታ ሰጥተዋት ወደ ጓሮ ወሰዷት። እንሰቱ የነበረበት ቦታ ጎድጎድ ብሏል፤ ሣር በቅሎበታል።

"ኅዳር ላይ አበበ" አሉ። "ከዚያ ወደቀ፣ በሰበሰ። ፍሬውን ጦጣ ጨረሰው። ምራቴ ሳያብብ እንፋቀው ብላ ለመነችኝ፤ ቤት ውስጥ የሚበላ አልነበረም። ቃል ገብቻለሁ አልኳት። ቢላ አልነካውም ልጄ። እንዳልሽኝ ነው ያደረግሁት።"

"ለምን አልደወሉልኝም?" አለቻቸው።

"ሥራ ይበዛባታል ብዬ ነዋ። ሲደርስ እደውላለሁ ብለሽኝ አልነበር?"

ረቢያ ሣሩን እያየች ቆመች። ሽማግሌው መጠየቅ የፈሩትን ጠየቁ።

"ማሽኑ ምን አለ?"

ወረቀቱ እዚያው ቦርሳዋ ውስጥ ነው።

"እንደ ሌሎቹ ነው አለ" አለቻቸው። "ምንም የተለየ ነገር አልተገኘበትም።"

"ተመስገን!" አሉ፤ ትከሻቸው ወረደ። "እኔማ የአገር ዘር በእጄ ያጠፋሁ መስሎኝ ስንት ወር እንቅልፍ አጣሁ። አሁን ቀለለኝ። እግርሽ ይባረክ፣ ይህን ልትነግሪኝ ይህን ሁሉ መንገድ መጣሽ።"

እስከ ደካ ሸኟት። ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ቆመ። ይመለሱ ብትላቸው እምቢ አሉ፤ ከሩቅ የመጣች እንግዳ ብቻዋን አትጠብቅም ብለው በመስኮቱ አጠገብ ቆመው እያጫወቷት ጠበቁ። ረቢያ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ "እሺ፣ እሺ" ትላለች፤ አንድም ጊዜ ቀና ብላ አላየቻቸውም።