መዳፍ ያጠቆረው ሽልማት

የሽልማት አዳራሽ አልወድም፤ ንግግሩ ይረዝማል፣ ተሸላሚውም ብዙ ጊዜ የተናጋሪው ዘመድ ነው። ትናንት ግን ኮልፌ ውስጥ በአንድ ብረታ ብረት ቤት በር ሳልፍ የጋለ ብረት ውሃ ውስጥ ገብቶ ጭሽ ሲል፣ በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት ያየሁት ብቸኛው እውነተኛ ሽልማት ትዝ አለኝ።

አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። ጎረቤቱ መጥረቢያውን ይገዛል፣ እጁን ግን አይጨብጥም። እኔንም "የቡዳ ልጅ" ይሉኝ ነበር።

በትምህርት ቤታችን የወላጆች ቀን የሳይንስ መምህራችን ብረት እንዴት እንደሚጠነክር ሊያሳዩ አባቴን ለእርዳታ ጠሩት። መጀመሪያ ራሳቸው፣ መጽሐፉ እንዳዘዘው፣ መሮ አግለው ውሃ ውስጥ ነከሩ። ሚስማር ላይ አሳርፈው በመዶሻ ሲመቱት መሮው ተሰበረ። ወላጆች ሳቁ።

"ቸኮሉ፣ መምህር" አለ አባቴ። ሌላ መሮ አግሎ ነከረ፤ እስኪያብረቀርቅ በድንጋይ ፈተገውና እንደገና በቀስታ አሞቀው።

"ቀለሙ የጤፍ ጭድ እስኪመስል ጠብቁ።"

ብረቱ ቀስ እያለ ቢጫ ሲሆን ሁላችንም አየን። ያኔ ነከረው። ሲመታው ሚስማሩ ለሁለት ተቆረጠ።

"ጠንካራ ብቻ ከሆነ ይሰበራል፤ ትንሽ ማለስለስ ነው" አለ፣ ወላጆቹን እያየ። ስለ መሮ ብቻ የሚያወራ መስሎኝ ነበር።

መምህሩ "የዛሬው አስተማሪ እሳቸው ናቸው!" ብለው ጨበጡት። ከሁሉ ቀድመው የሳቁት የሰፈራችን ጨርቅ ነጋዴ፣ ሐጂ የምንላቸው፣ ተነስተው እጃቸውን ዘረጉ።

"ጥላሸት ነው፣ ሐጂ" አለ አባቴ።

"ታዲያ ሳሙና የለኝም አልኩህ?"

ሌላውም ተከትሎ ሊጨብጠው ተሰለፈ። የዚያን ቀን የሰፈራችን ሰው መዳፉ ጠቁሮ ወደ ቤቱ ገባ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሜዳሊያ አይቻለሁ፤ አንዱም አላስቀናኝም።