መርዶ በመንገድ አይነገርም

በዚያ ጠዋት ከሚኒባሱ አጠገብ የነበርነው ሰባት ሰዎች ነን። አስተባባሪያችን፣ ዴንሃግ የሚኖሩት ኤርትራዊ ሽማግሌ፣ ከተከፈተው በር አጠገብ ስልካቸውን በእጃቸው እንደያዙ ቆመዋል። የሮተርዳሙ ጡረተኛ የትራም ሹፌር ከፊተኛው ጎማ ዘንድ ነበር። ከአምስተርዳም ኖርድ የመጡት ባልና ሚስት ከዛፍ ጥላ ሥር፣ እሷ ከፊት፣ ባሏ ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከኋላዋ። አስጎብኚያችን፣ ጎልማሳ ስሪላንካዊ፣ በመካከላቸው ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ነጂው ከመሪው ኋላ ተቀምጧል። እኔ ከመንገዱ ማዶ፣ ኮኮናት ከሚሸጠው ሰው ፊት ነበርኩ።

ሰውዬው የብርቱካንማውን ኮኮናት አናት በቆንጨራ ቆርጦ ሰጠኝ። ውሃውን ጠጥቼ ቀና ስል ሁሉም ወደ እኔ ያዩ ነበር። ማየቴን ሲያውቁ ሁሉም ፊታቸውን አዞሩ።

መንገዱን ስሻገር ወሬያቸው ቆመ። የትራም ሹፌሩ የፊተኛውን በር ከፈተልኝ።

«ከፊት ይቀመጡ፣ እትዬ። መስኮቱ ጋ» አለኝ።

ከኮሎምቦ ከተነሣን ጀምሮ በዚያ ወንበር ስንነታረክ ነበር የመጣነው። ዕድሜዬን ሙሉ ከፊት ተቀምጬ ስለነዳሁ ከኋላ ስሆን ያጥወለውለኛል ይላል። እኛስ ዕድሜያችንን ሙሉ ካንተ ኋላ አልነበርንም ወይ፣ ማን ሲያጥወለውለው አየህ እለዋለሁ። የኖርዷ ሴት ትስቃለች። አሁን በሩን ይዞ ቆሞ ሲጠብቀኝ አንዳቸውም አልሳቁም። ገብቼ ተቀመጥኩ።

ወደዚህ ጉዞ የመጣሁት በእህቴ ግፊት ነው። እህቴ ታላቄ ናት። ዴንሃግ፣ ትራንስቫል ሰፈር፣ ከገበያው አጠገብ ባለ አንድ ቤት አብረን ኖረናል። እኔ ቢሮ ሳጸዳ እሷ ሆቴል ወጥ ቤት ትሠራ ነበር። ልጇ እዚያው ነው ያደገችው፤ ዴልፍት ተምራ አሁን አምስተርዳም ትኖራለች። ባለፈው ክረምት የእህቴ ልብ ደከመና አረጋውያን የሚታከሙበት ቤት ገባች። በየቀኑ ሄጄ ከአልጋዋ ሥር እቀመጣለሁ። አንድ ቀን ተበሳጨች። «አንቺ እንዲህ ተቀምጠሽ ስታዪኝ የምሞት ይመስለኛል። ሂጂና ያን ስሪላንካ የሚሉትን ደሴት አይተሽ ነይ» አለችኝ። ሽማግሌው ከቅዳሴ በኋላ ስለ ጉዞው ሲናገሩ ሰምታ ነበር። ሐኪሙም እንዳለች ናት፣ የሚያስፈራ ነገር አይታየኝም አለ።

የእህቴን ልጅ ለብቻዋ ወስጄ አንድ ነገር አስማልኳት፤ የትም ብሆን ነገር ካለ እንድትጠራኝ። ምክንያቱንም ታውቀዋለች። አባታችን ሲሞት ካርቱም ነበርን። እናታችን ስትሞት ሆላንድ የስደተኞች ካምፕ ነበርን። የሁለቱም መርዶ የደረሰን አፈሩ ከደረቀ በኋላ ነው። ወላጆቻችንን አልቀበርንም። እኔና እህቴ በዚህ ነገር ብዙ አናወራም ነበር፤ ግን ከሁለታችን ወደ ኋላ የምትቀረው ሌላዋን እንደምትቀብር ሁለታችንም እናውቀው ነበር። እንኳን ስሪላንካ፣ ሮተርዳም ድረስ ስሄድም የምፈራው ይህንኑ ነበር፤ ሳልደርስ እንዳትቀበር።

ሚኒባሱ ወደ ሻይ ተራሮቹ መውጣት ጀመረ። ተራራው ከሥር እስከ ጫፍ በሻይ ተክል ተሸፍኖ፣ የተከረከመ ፀጉር ይመስላል። ሴቶች ጆንያ ከግንባራቸው አንጠልጥለው ቅጠል ይለቅማሉ። አስጎብኚው ሌላ ቀን ቢሆን የመብራት እንጨቱን ሳይቀር በእንግሊዝኛ ይተርክ ነበር፤ ሽማግሌውም ወደ አማርኛ እየመለሱ። አማርኛውን አዲስ አበባ ተማሪ ቤት ሳሉ ነው የተማሩት፤ ከእኛ የጠራ ነው። የዚያን ቀን ሁለቱም ዝም አሉ።

ከአንድ መንደር ስንደርስ በመንገዱ ግራና ቀኝ፣ ከእንጨት እንጨት በተዘረጋ ገመድ ላይ፣ ትናንሽ ነጫጭ ባንዲራዎች ተሰቅለው አየሁ። ይህን በመጀመሪያው ቀን ኮሎምቦ አጠገብ አይተን አስጎብኚው ነግሮን ነበር። ሰው ሲሞት ነው የሚሰቀለው፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ኀዘን እንዳለ አውቆ እንዲያልፍ። አሁን ባንዲራው ገና ከሩቅ ሲታይ ከኋላዬ ያሉት ሁሉ ባንዴ ማውራት ጀመሩ። ባልየው ስለ ካሜራው ባትሪ፣ የትራም ሹፌሩ ስለ ዝንጀሮ። የኖርዷ ሴት ከኋላዬ እጇን ዘርግታ የመስኮቴን መጋረጃ ሳበችው።

«ፀሐይዋ እንዳትመታዎት ብዬ ነው» አለችኝ።

ፀሐይ አልነበረም። ተራራው ላይ ጉም ነበር።

ምሳ ላይ ይች ሴት ሳህኔን ሦስት ጊዜ ሞላችው። ሩዝ፣ ምስር፣ በኮኮናት የተሠራ ድንች። በሥራዋ ሰው ቤት እየሄደች አረጋውያንን የምታበላና የምታጥብ ናት፤ እምቢ ማለት አያዋጣም። «ለኔ ሲሉ፣ ይቺን ብቻ» ትለኛለች። ሽማግሌው ከጠረጴዛው ማዶ በየጉርሻዬ ያዩኛል። በልቼ ስጨርስ ተነፈሱ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ይህን ሥራ አውቀዋለሁ። ዴንሃግ ውስጥ በስንት ደረጃ ላይ በማለዳ ቆሜአለሁ፤ ሽማግሎች ከፊት፣ እኛ ሴቶች ከኋላ፣ በሩ እስኪከፈት ትንፋሻችንን ይዘን። መርዶ ለብቻው ላለ ሰው አይነገርም። በስልክ አይነገርም፤ በመንገድም አይነገርም። ሰውዬው በልቶ፣ ተኝቶ፣ ከቤቱ ሆኖ፣ ጎህ ሲቀድ ይነገረዋል። እስከዚያ ድረስ የሚያውቁት ሁሉ ይጠብቁታል፤ ወንበር ይለቁለታል፣ ያበሉታል። ከሰዎቼ አንዱም ከሥርዓቱ አልወጣም። እኔም ብሆን እንደነሱ ነበር የማደርገው።

ማታ ለልጅቷ ደወልኩ። ቀደም ባለው ማታ «እማዬ ተኝታለች» ብላኝ ነበር። አሁን አላነሣችውም። በኋላ በመልእክት «አክስቴ ቆይቼ እደውልልሻለሁ» ብላ ጻፈች፤ አልደወለችም።

አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አሰብኩ። አገራችን ሰው በሞተበት ቀን ወይ በማግስቱ ይቀበራል፤ ስለዚህ መርዶ ሳምንት ቢቆይ የሚያመልጥ ነገር የለም፣ ሁሉ አልፏል። ሆላንድ ግን ሬሳ ቀናት ይቆያል። ልጅቷ ቀን ትይዛለች፣ ሰው ትጠራለች። እኛ ደግሞ ገና ወደ ደቡብ ወርደን ባሕር ልናይ ነው። ሰዎቹ መርዶውን ዴንሃግ፣ ቤቴ ድረስ መጥተው እንደሚነግሩኝ አልተጠራጠርኩም። ይህን ሲወስኑ የቆጠሩት በአገራችን ቀን ነው። ዝም ብዬ ብቀመጥ እናቴን እንዳጣሁ እህቴንም አጣለሁ።

ግን የሞተበት ሰው ራሱ ሄዶ በር አንኳኩቶ ሞተብኝ ወይ ብሎ አይጠይቅም። እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። ሽማግሌውንም ማዋረድ ይሆናል።

ገና ሳይነጋ ተነሣሁ። ጥቁር ልብስ አልያዝኩም ነበር፤ ሰማያዊውን ቀሚሴን ለበስኩ፣ ነጠላዬን ደረብኩ። ሻንጣዬን ዘግቼ ከአልጋው አጠገብ አቆምኩና ወደ በረንዳው ወጣሁ። ከሸለቆው ጉም ይወጣል፤ ወፎች ጀምረዋል። የትራም ሹፌሩ ሁልጊዜ ለሲጋራው ቀድሞ ይነሣል። ሲያየኝ ሲጋራውን ጣለ።

ሰዎቹን ጥራልኝ አልኩት። ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ጎህ ቀደደ እኮ አልኩት። ሊጠራቸው ገባ።

ከበረንዳው ዳር ባለው ወንበር ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የኖርዷ ሴት ወጣች፤ መጥታ ከጎኔ፣ ከወለሉ ላይ ተቀመጠች። ባሏና የትራም ሹፌሩ ከግድግዳው ተጠግተው ቆሙ። ሽማግሌው ዘገዩ። ሲመጡ ኮታቸውን ለብሰው፣ እስከ ላይ ቆልፈውታል፤ ከኮሎምቦ ወዲህ ኮት ሲለብሱ አላየንም። ፊቴ ቆሙ።

«እንግዲህ አርዱኝ» አልኳቸው።

አረዱኝ። አሳምረው አረዱኝ። ይህች ዓለም ማደሪያ እንጂ መኖሪያ እንዳልሆነች፣ ሁላችንም በየተራችን ተጓዦች እንደሆንን ተናገሩ፤ ከዚያ የእህቴን ነገር፣ ቅዳሜ ሌሊት በእንቅልፏ፣ ልጇ አጠገቧ ሳለች መሆኑን ነገሩኝ። ድምፃቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተሰበረው። አለቀስኩ። የኖርዷ ሴት እጄን ያዘችኝ፤ ባለቤቷ ውሃ አመጣ። ስለዚያ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ዕንባዬን ጠርጌ፣ «ቀብሩ መቼ ነው?» አልኩ።

ሽማግሌው ወደ ትራም ሹፌሩ አዩ፤ ጥያቄው ያልተጠበቀ ነበር። «ሐሙስ ብላኛለች ልጅቷ» አሉ።

«ዛሬ ማክሰኞ ነው» አለ የትራም ሹፌሩ።

ሽማግሌው ከበረንዳው አግዳሚ ላይ እጃቸውን አሳረፉ። ቀስ እያሉ፣ ልጅቷ ሐሙስ ስትላቸው ሰምተዋት እንደነበር፣ ግን ልባቸው ቀብሩን እንዳለፈ ነገር እንደቆጠረው ነገሩኝ። የወንድማቸውን መርዶ የሰሙት በዓመቱ ነበር። ቀብር የሚደረስበት ነገር መሆኑን ረስተው ነበር።

ለልጅቷ እሳቸው ደወሉና ስልኩን ሰጡኝ። ታለቅስ ነበር። «አክስቴ፣ ንገሯት ብያቸው ነበር። አንቺ ይሄን አታውቂም አሉኝ። እኔም አላውቅም ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ» አለችኝ። ከዚያ፣ «ትደርሻለሽ?» አለች።

እደርሳለሁ አልኳት።

አስጎብኚው ተጠርቶ መጣ። ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አጋጥሞ አንገቱን ሰበረልኝና ወዲያው ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ። ብዙ ቦታ ደወለ። ማታ የሚነሣ አውሮፕላን ተገኘ፤ ዶሃ ላይ ተቀይሮ ረቡዕ ከቀትር በፊት አምስተርዳም፣ ስኪፕሆል አውሮፕላን ማረፊያ የሚገባ። ከተራራው እስከ ኮሎምቦ መንገዱ ረጅም ስለሆነ ቶሎ መነሣት አለብን አለ። የኖርዷ ሴት እንቁላልና ዳቦ በወረቀት ጠቀለለች። ባለቤቷ ሻንጣዬን አወረደ።

የትራም ሹፌሩ ከክፍሉ ሲወጣ የራሱን ቦርሳ ይዟል። የት ነው አልኩት። ኀዘንተኛ ለብቻው አይሄድም አለኝ። ገና የደቡቡን ባሕር አላየህም አልኩት፤ ለዚያ ነበር ከሁሉ በላይ የመጣው።

«ባሕር ሮተርዳምም አለ» አለ። «ይግቡ፣ እትዬ።»

ሽማግሌው እስከ መኪናው ድረስ ሸኙኝ። ኮታቸውን አላወለቁም፤ ግንባራቸው ላይ ላብ ነበር። ይቅርታ ሊሉኝ እንደፈለጉ አየሁ፤ ሳይጀምሩ ትከሻቸውን ሳምኳቸው። ሰው እንዲህ ተጠንቅቆ ያረዳው ሰው ቅር አይለውም አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ገባሁ። ነጂው ሞተሩን አስነሣና ቁልቁል ወረድን።