አንሴልም ወይን ሲቀምስ

ወንድሜ አንሴልም ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ፈረንሳይ፣ ዲዦን ከተማ ውስጥ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ስለ ወይን አንዲት ነገር አያውቅም፤ ቤቱ የሚጠጣው ቢራ ነው። ግን በወይን አገር ተወልዶ ይህን ማመን ሞት መሰለው። ስለዚህ ምግብ ቤት በገባን ቁጥር ፀጉር ቤት ካገኘው መጽሔት የሸመደደውን ይዘባርቃል። እኔ እህቱ ስንት ጊዜ ጠረጴዛ ስር እግሩን ረግጬዋለሁ!

ያለፈው እሁድ ግን ሌላ ነበር። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቡ የደነገጠላትን ሴት ምሳ ጋበዘ። ኦዲል ትባላለች፤ አበባ ሻጭ ናት፣ እሷም ባሏ ሞቶባታል።

"ዠርሜን፣ በእናትሽ አብረሽኝ ነይ! ብቻዬን ከሆንኩ ምላሴ ይተሳሰራል" አለኝ።

ያን ቀን ካልሆነለት ዳግመኛ እንደማይሞክር አውቅ ነበር። ሄድኩ።

አስተናጋጁ ጠርሙሱን ከፍቶ እንደ ወጉ ለጋባዡ ትንሽ ቀዳለት። እሱ ቀምሶ ራሱን እስኪነቀንቅ ሌላው አይጠጣም። ወንድሜ ብርጭቆውን አዟዟረ፣ አሸተተ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ሽታው እኔ ድረስ መጣ፤ የሻገተ ምድር ቤት ይሸታል! የጠርሙሱ ቡሽ ሻግቶ ወይኑን አበላሽቶታል፤ መመለስ ነው ያለበት።

"ግሩም ነው!" አለ አጅሬው። "የለውዝ መዓዛ... የጫካ ጠረን..."

ወይ ጉዴ! አስተናጋጁ ለሁላችንም ቀዳ። ኦዲል አንዴ ተጎነጨችና ፊቷ ጭምድድ አለ።

"አንሴልም፣ እውነት ይሄ ጣፈጠዎት?"

እስከ ጆሮው ቀላ። ሊዋሽ አፉን ከፈተ፣ ከዚያ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

"አላውቅም" አላት። "ስለ ወይን ምንም አላውቅም። እንዳይንቁኝ ብዬ ነው።"

ኦዲል ብርጭቆዋን ገፋ አደረገች። በቃ፣ አለቀለት አልኩ። አንጀቴን በላኝ።

"ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና" አለች፣ "አብረን ስንኖር አንድ ቀን እንኳ 'አላውቅም' ብሎኝ አያውቅም። መንገድ ጠፍቶን ስንዞር ውለን እንኳ!" እየሳቀች ዓይኗ እንባ አቀረረ። "በል አስተናጋጁን ጥራው፣ ይሄን መርዝ ይውሰድልን። ከዚያ የምታውቀውን አውራኝ።"

አንሴልም አስተናጋጁን ጠርቶ ጠርሙሱን መለሰና ስለ አውቶቡስ ሥራው ማውራት ጀመረ። እኔ ሆዬ ምላሱ መፈታቱን አይቼ፣ ምግቡን ሳልጠብቅ ኮቴን አንስቼ ወጣሁ።