አባቴን ሳላይ የላጨሁ ዕለት

አባቴ ከጃናሞራ እኔ ወዳለሁበት ጎንደር የመጣው ቡአውን በቀዶ ጥገና ሊያስወጣ ነው። ብሽሽቱ ላይ ያበጠው ነገር ዳገት አላስወጣ፣ ሸክም አላስነሣ ብሎት ዓመታት ሆኖታል። በስንት ልመና እሺ ሲለኝም «አንድ ጊዜ ነው፤ ካልሆነ ተመልሼ አልመጣም» ብሎኛል። የእሱን ቃል ደግሞ አውቀዋለሁ፤ አንዴ ከአፉ ከወጣ ወጣ ነው።

በዋዜማው የሆስፒታሉ ነርስ ደወለች። «ገላቸውን በሳሙና ታጥበው፣ ቦታው ጸድቶ ይምጡ» አለችኝ። እኛ ቤት የዚያን ቦታ ፀጉር «ተላጨ» ማለት ነውር ስለሆነ «ጸዳ» ነው የሚባለው። የምኖርበት ሰፈር ራሱ ፀዳ ነው፤ ቃሉን የማላውቀው መስሎኝ አያውቅም። ደግሞም ተማሪ ሳለሁ ትርፍ አንጀቴን ስታከም አንድ ሠራተኛ ሆዴን በምላጭ ሙልጭ አድርጎኝ ነበር። ምን ይጠየቃል? ሄጄ አዲስ ምላጭ ገዛሁ።

የአባቴ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ራሱን መላጨት አይችልም። የአባቱን ዕርቃን ያየ ይረገማል ብሎ ያሳደገኝም እሱ ነው። እሱ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ፤ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ በዳበሳ ላጨሁት። አንድ ሁለቴ እግሩን ሰብሰብ ከማድረግ በቀር ትንፍሽ አላለም።

በማግሥቱ ሆስፒታል ነርሷ አንሶላውን ገልጣ ደነገጠች። «አያ፣ ምነው እንዲህ ተቆራረጡ? ማን ላጨዎ?»

«እኔው ነኝ» አለ አባቴ። ሲዋሽ ሰምቼው አላውቅም። ለእኔ አዝኖ ይሁን አፍሮ አልገባኝም።

ቁስሉ እስኪደርቅ ቀዶ ጥገናው ለሳምንት ተላለፈ። ደሜ ፈላ። «ጸድቶ ይምጣ ያልሽው አንቺ አይደለሽም?» አልኳት።

«በሳሙና ማለቴ ነው እንጂ! ምላጭ ዓይን የማያየው ጭረት ይተዋል፤ ጀርም በዚያ ገብቶ የቀዶ ጥገናውን ቁስል ያመረቅዘዋል።»

«በፀጉር ማስለቀቂያ ቅባትስ?»

«ቆዳ ሊያስቆጣ ይችላል። ፀጉሩ ካላስቸገረን አንነካውም፤ ካስቸገረን በዕለቱ እኛው በማሽን እናሳጥረዋለን።»

እንዲያው ከነፀጉሩ? ንጽሕና ያልኩት ጥፋት፣ ቆሻሻ ያልኩት ደህና ሆኖ ቁጭ! ታዲያ ያኔ እኔን የላጨኝ ሰውዬ ምን ሲሠራ ነበር? የዳንኩት በሕክምና ነው በዕድል? ግራ ገባኝ።

አባቴ ግን ምንም ግራ አልገባውም፤ ቤት እንደደረስን ቦርሳውን አነሣ። «ትናንት ላጭ፣ ዛሬ አትላጭ። ነገ ደግሞ የተላጨውን መልስ ይሉኛል» አለ። በሩ ላይ ቆምኩበት። ከሄደ እስኪሞት ድረስ ያንን እብጠት ተሸክሞ እንደሚኖር አውቃለሁ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፤ በኔ ጥፋት አትሂድብኝ» አልኩት። ቦርሳውን አስቀመጠ፤ ሳምንቱን ሙሉ ግን ከላሞቹ ወሬ በቀር አላወራኝም።

ቀኑ ደረሰ። ነርሷ በዳበሳ ስላጭ የዘለልኩትን ልታሳጥር ማሽኑን ይዛ መጣችና «ልጅዎ ይውጣ?» አለችው።

«ይቆይ» አለ አባቴ። «ሳያይ ነው የቆራረጠኝ። አሁን አይቶ ይማር።»

ነርሷ ዞር ብላ አየችኝ። ማሽኑ ጢዝ ማለት ጀመረ፤ እኔ ዓይኔን የት እንደማሳርፍ ጠፋኝ።