ለአንድ ሰው የሚበቃ ፓስታ

ሰኚ ባሏን ጥላ ጎሮ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንዲት ስቱዲዮ ከተከራየች ወዲህ ዘመድ አዝማዱ አፉን ከእሷ ላይ አላነሳም። ከሁሉ ይልቅ ያንገበገባቸው ግን ቤቷን መልቀቋ አልነበረም፤ ብቻዋን አብስላ ብቻዋን ትበላለች መባሉ ነው። ባሏ ጅሬኛ የመሬት ደላላ ነው፤ ከተማው ሲሰፋ፣ የአባቶቻቸው የጤፍ ማሳ ፎቅ ሲበቅልበት ያለፈለት ሰው። ከቤቱ እንግዳ ጠፍቶ አያውቅም። ሰኚ ስታቀርብ፣ ስትጨምር፣ ስታነሳ አምሽታ እራቷን ጓዳ ቆማ የምትቀምሰው ሁሉም ከጠገበ በኋላ ነበር፤ ያውም ከተረፈ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ዘገየች እንጂ አልፈጠነችም።

አሁን ቦሌ አንድ ሬስቶራንት ወጥ ቤት ትሠራለች። ኬጁን የሚባለውን፣ የአሜሪካ ደቡብ ሰዎች የሚወዱትን የሚያቃጥል ቅመም የለመደችው እዚያ ነው። ለራሷ ስትሠራ ግን እቤት ባለው ትቀምመዋለች፤ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ጦስኝ፣ ከሚጥሚጣም ቆንጠር።

አንድ ማክሰኞ ምሽት ከሥራ ገብታ ፓስታውን ጥዳ፣ በስሱ የቆራረጠችውን የዶሮ ሥጋ በቅመሙ አሽታ መጥበሻው ላይ እንዳደረገች በሩ ተንኳኳ። አጎቷ ኦቦ ጉዲሳ ነበሩ። ጅሬኛ ሽማግሌ አድርጎ ልኳቸዋል።

«ኖር! ይግቡ አጎቴ፣ ይቀመጡ» አለች።

«እመለሳለሁ ካላልሽኝ አልቀመጥም። እህልሽንም አልቀምስም» አሏት፣ ከዘራቸውን ተደግፈው በሩ ሥር እንደቆሙ።

የሽማግሌ ወግ ነው። የመጣበት ጉዳይ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፣ አይቀምስም። የቤቱ ባለቤትም ትልቅ ሰው ጦሙን ቆሞ ማየቱ ስለሚያሳፍረው ሳይወድ በግዱ ይረታል። ከዚህ በፊትም ተኳርፋ ወላጆቿ ጋ ሄዳ የተመለሰችው በዚሁ ነበር። ዛሬም ሽበታቸውን ስታይ አሳዘኗት። «እሺ» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደርሷል።

ዶሮው ግን መጥበሻው ላይ ሊያር ነው። ዞር ብላ አገላበጠችው፤ ሽንኩርትና ቃሪያ ጨመረች፣ ክሬሙን አፈሰሰች፣ ፓስታውን አጥልላ ደባለቀችው። ክፍሏ በጠረኑ ታወደ።

«እኔ ቆሜ ለማን ነው የምታበስይው?»

«ለራሴ።»

«ለራስሽ ብቻ?»

«ለአንድ ሰው ነው የሠራሁት፤ ከተቀመጡ ግን እንካፈላለን። አልመለስም አጎቴ። እዚያ ቤት ትኩስ እህል በልቼ አላውቅም።»

ኦቦ ጉዲሳ ፊታቸውን አዞሩ። እንደሚያሸንፉ አልተጠራጠሩም፤ የሳቸው ቤተሰብ ልጅ የቆመ ሽማግሌ ፊት አትጎርስም።

ሰኚ ሳህኗን ይዛ ተቀመጠች። የመጀመሪያው ጉርሻ ከሹካው ሾልኮ ወደቀ። ደግማ ጠቀለለችና ጎረሰች። ሚጥሚጣው አፏን አቃጠላት፣ እንባዋም መጣ፤ ግን በሚጥሚጣው አላሳበበችም። ሽማግሌውን ትወዳቸዋለች፤ ታዝናለች፤ ትበላለችም።

«ይቅመሱ» አለች ደግማ። በላች። ሳህኑ ላይ የቀረውን ክሬም ሳይቀር በዳቦ ጠርጋ ጨረሰች።

ኦቦ ጉዲሳ ደህና እደሪ እንኳ ሳይሉ ወጡ። ደረጃው ላይ ለጅሬኛ ሲደውሉ ድምፃቸው እስከ ውስጥ ተሰማት።

«ተዋት፤ ይህች አትመለስም» አሉት። «እኔ ፊቷ ቆሜ፣ በላች እኮ!»