የተገለበጠችው ርግብ

ላምባ ሲሸተኝ እስከ ዛሬ ያለሁበትን እረሳለሁ። ሌላው ሰው ኩራዝ ይታወሰው ይሆናል፤ እኔን ግን ይዞኝ የሚሄደው እህል በረንዳ፣ የጆንያ ክምር ሥር ነው። ባለፈው ወር በትምህርት ቤታችን የሕትመት ክፍል አንዱ ልጅ ቀለም የፈሰሰበትን ጠረጴዛ በላምባ ሲወለውል ሽታው አፍንጫዬን ሰነገው። ያውም በየትኛው ቀን! ዲዛይን የምንማር ልጆች በዘመናችን ከሚሠሩት ሠዓሊዎች፣ የሕትመትና የጨርቅ ጥበበኞች መካከል ልባችንን የነኩትን ሦስት ሰዎች መርጠን በምናቀርብበት ቀን። እኔ በጆንያ ላይ ትልልቅ ወፎች የሚያትም አንድ ሰው፣ ቅዳጅ ጆንያ እየሰፋች ግድግዳ የምታለብስ ሴትዮ፣ የልጆች መጽሐፍ ላይ ርግብ የምትስል ወጣት መርጬ ነበር። መምህራችን ምስሎቹን አየት አየት አደረገና፣ «ሁሉም ወፍና ጆንያ ነው እኮ። ከየት መጣብሽ?» አለኝ። «እንዲሁ ደስ ስለሚለኝ ነው» አልኩት። ዋሸሁ።

የመጣብኝ ከጋሼ ነስሩ ነው።

ጋሼ ነስሩ በእህል በረንዳ የጆንያ ምልክት አታሚ ነበሩ። ሆስፒታል ከሚጥለው አሮጌ የራጅ ፊልም ላይ በምላጭ ስዕል ቆርጠው ያወጣሉ፤ ፊልሙን ጆንያ ላይ ይለጥፉና በላምባ በቀጠነ ጥቁር ቀለም የተነከረ ስፖንጅ ጠብ ጠብ ያደርጉበታል። ሲያነሱት ቁልፍ፣ ጀበና ወይም ኮከብ ወጥቶ ይታያል። ብዙዎቹ ተሸካሚዎች ፊደል ስላልቆጠሩ፣ ጆንያው ወደ ማን መጋዘን እንደሚሄድ የሚነግራቸው ስዕሉ ነበር። እማዬ አጠገባቸው ተቀምጣ የተቀደደ ጆንያ ትሰፋለች። እኔ ከትምህርት ቤት ስለቀቅ ከነዩኒፎርሜ እዚያው ነኝ። ብጣሽ ጆንያ ይሰጡኝና፣ «በዚህ ላይ እንደፈለግሽ ሁኚ፤ የነጋዴ ጆንያ ግን እንዳትነኪ» ይሉኛል። የሳልኩትን ለመንገደኛ ሁሉ ሲያሳዩ ደግሞ አያፍሩም። «የኔ ሠዓሊ!» እያሉ። አቤት እንዴት እወዳቸው ነበር!

ከደንበኞቻቸው ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው፤ ታላቁ ጋሽ ደምሴ፣ ታናሹ ጋሽ ግርማ። አባታቸው ያወረሷቸው ምልክት ርግብ ነበረች። ተጣልተው ንግዱን ሲካፈሉ ርግቧን ሁለቱም አልለቅም አሉ። ያገላገሏቸው ጋሼ ነስሩ ናቸው። የታላቁን ርግብ ወደ ቀኝ የምታይ፣ የታናሹን ወደ ግራ የምታይ አድርገው ቆረጡላቸው። ወንድማማቾቹ ከዚያ በኋላ ሰላምታ እንኳ አልነበራቸውም። ርግቦቹ ግን ሥራቸውን ይሠሩ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት የጋሽ ደምሴ ሃያ ጆንያ ነጭ ጤፍ ከመኪና ወርዶ ምልክት ይጠብቃል። ሰማዩ ጠቁሯል። እማዬ ክር ልትገዛ ሄዳለች፤ ጋሼ ነስሩም የአስር ሶላት ደርሶባቸው ወጣ ብለዋል። ዝናቡ ሳይቀድመን ልርዳቸው ብዬ ተነሳሁ። ጎበዝ ተብዬ! ፊልሙ ከላይ ተጠርጓል፤ ጆንያው ላይ በሚያርፈው ፊቱ ግን ቀለም ሾልኮበት ተለውሷል። ጆንያው እንዳይበላሽ ብዬ ገልብጬ በንጹሑ በኩል ለጠፍኩትና ሃያውንም ጆንያ አተምኩ። ርግቧ ወደ ግራ ዞራለች። አላስተዋልኩም።

ተሸካሚዎቹ መጡ፣ አዩ፣ ተሸክመው ወደ ጋሽ ግርማ መጋዘን አስገቡት።

ጩኸቱ የተነሳው ጋሼ ነስሩ ገና ከሶላት እንደተመለሱ ነው። ጋሽ ደምሴ የሚዛን ብረት በእጃቸው አንጠልጥለው መጡ። «ነስሩ! ስንት ዓመት አምኜህ፣ ለወንድሜ ሸጥከኝ?» ጋሽ ግርማ መጋዘኑ በር ላይ ቆመው፣ «ምልክቱ የኔ ነው! አንድ ጆንያ አይወጣም!» ይላሉ። ሰው ተሰበሰበ። ተሸካሚዎቹ ሁለት ቦታ ተከፈሉ። አንዱ ፖሊስ ጥሩ ይላል፣ ሌላው ይግጠሙ ተዋቸው ይላል። ታላቁ ብረቱን ከፍ አድርገው ወደ ወንድማቸው ሲራመዱ ወደ ጆንያ ክምሩ ሥር ሸሸሁ።

ጋሼ ነስሩ ፊልሙን አንስተው ወደ ብርሃን አዞሩት። ቀለሙ በሁለቱም ፊት አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። በቀለም የጠቆሩ እጆቼን ሹራቤ ውስጥ ወሸቅኩ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ ልጅቷ ናት ቢሉ ነገሩ ያበቃል። ግን ነጋዴዎቹ እማዬንም ከእኔ ጋር ከበረንዳው ጠራርገው ያባርሯት ነበር። ተናገሪ፣ ተናገሪ እያልኩ ራሴን እወተውታለሁ፤ አፌ ግን አልከፈት አለኝ።

«ደምሴ፣ ብረቱን አስቀምጥ» አሉ ጋሼ ነስሩ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ገልብጬ አትሜዋለሁ። ዓይኔ ደክሟል።»

ጆንያው ተመለሰ፤ ሰውም ተበተነ። እሳቸው ጨርቅ ላምባ ነክረው፣ «ነይ እስቲ፣ እጅሽን» አሉኝና ጣቶቼን አንድ በአንድ ጠረጉልኝ። አልተቆጡኝም። ምነው በተቆጡኝ ኖሮ!

ዓይኔ ደክሟል ላለ አታሚ ግን ማን ጆንያ ይሰጣል? ወር ሳይሞላ ቦታቸው ባዶ ሆነ። ኋላ መሳለሚያ፣ ታክሲ መጫኛው ጋ፣ ካልሲ ዘርግተው ይሸጡ ጀመር። ሳያቸው መንገድ እሻገር ነበር። እኔ! «የኔ ሠዓሊ» ያሉኝን ሰውዬ ሸሽቼ፣ አንገቴን ደፍቼ! ሁለተኛ ደረጃን ጨርሼ ዲዛይን ልማር በገባሁበት ዓመት አገራቸው ሄደው አረፉ አሉ።

ያን ቀን መምህሬን ዋሽቼ ቤት እንደገባሁ ለእማዬ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። እጇ ላይ ያለውን ልብስ አስቀመጠችና፣ «አውቃለሁ» አለችኝ።

«እንዴ! ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዚያው ቀን። ጋሼ ነስሩ ነገሩኝ። ሄጄ ለነጋዴዎቹ ልናገር ብል፣ አደራ አሉኝ። ‹በልጅ ስህተት በርግጋ ሁለተኛ ቀለም እንዳትነካ ታደርጊያታለሽ፤ ተያት፣ እጇ እንዳይፈራ› አሉኝ።» ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «እኔም ለእንጀራዬ ፈርቼ ዝም አልኩ ልጄ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

ሁለታችንም እንደ ሕፃን አለቀስን። እኔ መንገድ እየተሻገርኩ ስሸሻቸው፣ እሳቸው ካልሲያቸውን ይዘው ስለ እጄ ያስቡ ነበር። በብዙ ነገር ፈሪ ነኝ፤ ሰው ፊት መናገር እፈራለሁ፣ እውነት መናገርም እፈራለሁ። ቀለም ሳነሳ ግን እጄ አንድም ቀን ፈርቶ አያውቅም።