በኪርያላይሶን የለካሁት ፎቶግራፍ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ተማሪ ቤት የቆየሁት ጣሊያን ደብረ ማርቆስ እስኪገባ ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዕር የያዝሁት ከፎቶግራፍ ጀርባ የሰው ስም ለመጻፍ ብቻ ነበር። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። ይህን መንገድ ግን ሳልጽፈው ብቀር ያንቀኛል።

ጎህ ሲቀድ፣ ደብረ ማርቆስ

ፎቶግራፍ አንሺው አጎቴ ነው። ወገቡን ታሞ ከተኛ ወዲህ ሥራውን የምማረው ከአልጋው አጠገብ ተቀምጬ ነው። ዛሬ ከሮብ ገበያ በላይ ካለ መንደር አቶ አለነ የሚባሉ ገበሬ በቅሎ ስበው መጡ። እህታቸው እማማ ተዋበች በጠና ታመዋል። አንድ ልጃቸውን ጣሊያኖች ወስደው ባሕር አሻግረውታል፤ ቢመለስ የሚያየው መልካቸው እንዲቀመጥለት ይፈልጋሉ። አጎቴ ስለማይችል የምሄደው እኔ ነኝ። ሥዕሉ የሚያርፍበት መስታወት የቀረን አንድ ብቻ ነው፤ ሌላ የሚመጣበት መንገድ ተዘግቷል።

አጎቴ ትምህርቱን ደገመልኝ። የካሜራውን ዓይን ካጠበብሁት ቅርቡም ሩቁም ይጠራል፤ ብርሃኑ እስኪጠግብ ግን ብዙ ያቆያል። ካሰፋሁት ይፈጥናል፤ ነገር ግን ካነጣጠርሁበት ስንዝር ፈቀቅ ያለው ሁሉ ይደበዝዛል። ጊዜውን የሚለካው በሰዓት አይደለም። ክዳኑን ያነሳና ኪርያላይሶን ይላል፤ ጥላ ሥር አንዴ፣ ቤት ውስጥ ሦስቴ፤ ከዚያ ይከድናል። ስወጣ እጄን ይዞ አደራ አለኝ።

ረፋድ፣ ኬላው

በአዲሱ መንገድ ዳር ድንጋይ የሚፈልጡ ሰዎች ፊታቸው በአቧራ ነጥቷል። ኬላው ላይ አንድ ባንዳ ሳጥኑን ክፈቺ አለኝ። ብከፍተው መስታወቱን ብርሃን ያበላሸዋል፤ ይህን በመንገር ፈንታ ሳጥኑን በሁለት እጄ አቀፍሁት። አቶ አለነ ደረሱልኝ።

«ክፈተው እንጂ። ሰው የሚውጥ ሳጥን ነው፤ መልክህን ከዋጠው ጌቶችህ በምን ያውቁሃል?»

ጓደኞቹ ሳቁበት። እሱም አፍሮ አሳለፈን።

ቀትር፣ ሮብ ገበያ

ጭቃ፣ የበግ ጠጉር ሽታ፣ የድንች ክምር። ቆሎ ሻጯ ሊሬ አልነካም ብላ ጨው ጠየቀችን። ከዚያ ወደ ጮቄ ሽቅብ ነው፤ ገብስ፣ ብርድ፣ ጉም። በቅሎዋ ላይ ሆኜ ዛፍ ባየሁ ቁጥር ስንት ኪርያላይሶን እንደሚበቃው ከንፈሬን እያነቃነቅሁ እለካለሁ። አቶ አለነ ዳዊት ትደግሚያለሽ እንዴ ብለው አላገጡብኝ።

ከሰዓት በኋላ፣ እማማ ተዋበች ቤት

ደጁን ጉም ስለሸፈነው እማማ ከበሩ ውስጥ፣ ከመቃኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸውን አጣፍተዋል። ክሳታቸው ያስፈራል። እንዳይነቃነቁ ለመንኋቸው።

«የት እሄድብሻለሁ፣ ልጄ» አሉኝ።

ብርሃኑ ደካማ ነበርና የካሜራውን ዓይን እስከ መጨረሻው አሰፋሁት። ፊታቸው ላይ አነጣጥሬ አጠራሁት፤ መስታወቱን ከትቼ ክዳኑን አነሳሁ። አጎቴ ኪርያላይሶኑን የሚለው በልቡ ነው። እኔ ግን ፈርቼ ነበር፤ ድምፄ ወጣ።

እማማ እንደተቀመጡ ሰገዱ። በሰሙነ ሕማማት ይህን ቃል እየሰማ ሲሰግድ የኖረ ሰው ሌላ ምን ያደርጋል? አፌ አልቆመልኝም። ሁለተኛውን ስል እንደ ምንም ቀና ብለው ደግመው ሰገዱ፤ ሦስተኛውንም። ከዚያ ከደንሁት። አቶ አለነ ሊስቁ ጀምረው ፊቴን ሲያዩ ተዉት።

ከተመለስሁ በኋላ፣ ደብረ ማርቆስ

አጎቴ ትከሻዬን ተደግፎ መስታወቱን ሥዕሉን በሚያወጣው መድኃኒት አጠበው። በርጩማው ጥርት ብሏል፤ የበሩም መቃን። ከመካከላቸው ያለው ግን ነጭ ጉም ነው፤ ፊት የለውም። አጎቴ አልተቆጣኝም፤ ተመልሶ ተኛ። አቶ አለነ ሥዕሉን ሊወስዱ የመጡት እማማን ቀብረው ነው።

ፎቶግራፉን ያነሳሁ ቀን እማማን ስሰናበት እውነቱን ነግሬያቸው ነበር፤ ፊትዎ ለልጅዎ አይወጣለትም፣ ሌላ መስታወትም የለንም ብዬ። እማማ ጉንጬን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙኝ።

«እሱን ከወሰዱብኝ ወዲህ መቼ ቀና ብዬ አውቃለሁ፣ ልጄ። እንዳጎነበስሁ ይየኝ።»